ከጎጆ ሲመለስ

«ነገራት» አለች ከሁለቱ ሴቶች አንደኛዋ፣ በሹክሹክታ።

«እውነት? ምን አለችው?»

«ምንም። ዝም ብላ እያየችው ሳለ አለቀ።»

ዶርቃስን እንቅልፍ የወሰዳት መስሏቸው ነበር። ፊቷን ወደ ድንኳኑ ሸራ አዙራ፣ ነጠላዋን እስከ ቅንድቧ ስባ ፍራሹ ላይ ጋደም ብላለች። ወንጌላዊ ታምራት የከሰዓቱን ጸሎት ጨርሰው ሄደዋል፤ ዘማሪዎቹም እንዲሁ። ድንኳኑ ውስጥ የቀሩት የሰፈሩ ሴቶችና ወንበር ላይ የሚያንጎላጁ ጥቂት የእድሩ ሽማግሌዎች ነበሩ።

ሴቶቹ የሚያወሩት ስለ ሰላዩ ነው። አምቦ ውስጥ ቴሌቪዥን ያለው ሰው ሁሉ ያንን በአማርኛ የተተረጎመ የውጭ አገር ድራማ ሲከታተል ነበር የከረመው። ሰላዩ አንድ ተፈላጊ ሰው የተደበቀበትን ለማወቅ የሰውየውን ልጅ ይቀርባል፣ ያገባታል፣ ሳያስበው ደግሞ ይወዳታል። ዶርቃስና ባሏ ጋሮማ አብረው ያዩት የመጨረሻው ክፍል ያበቃው ሰላዩ እውነቱን ሊነግራት ወስኖ በሯ ላይ እንደቆመ ነበር። በማግስቱ ጋሮማ ሞተ። አሁን ቀብሩ አልፎ፣ ለቅሶ ላይ ተቀምጣ፣ ሰላዩ ለሚስቱ እንደነገራት ሰማች። መጀመሪያ የመጣላት ሐሳብ ማታ ለጋሮማ እነግረዋለሁ የሚል ነበር። የሚነገረው ጋሮማ እንደሌለ ያስታወሰችው ከዚያ በኋላ ነው።

ሴቶቹ ቀጠሉ። ወሬያቸው ከቴሌቪዥኑ ወደ ሟቹ የዞረው መቼ እንደሆነ አላወቀችም።

«ለመሆኑ እዚያ ጎጆ ከተማ ምን ነበረው?»

«ሥራ ነው ይባላል።»

«ቅዳሜ ቀን? እዚያ የያዛት ሴት አለች ነው የሚሉት። ልጅም አልሰጣቸውም እኮ።»

ዶርቃስ አልተንቀሳቀሰችም። ይህን ወሬ ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማችው ገና አስከሬኑ ከጊንጪ እንደመጣ ነበር፤ እሷም ብትሆን በሆዷ ጠይቃዋለች። ጋሮማ የግብርና ባለሙያ ስለሆነ በየገጠሩ መውጣቱ አዲስ ነገር አይደለም። ጎጆ ግን ሌላ ነው። በየወሩ ይሄዳል፤ አንዳንድ ጊዜ ዘር ለማየት፣ አንዳንድ ጊዜ ድንች ለማምጣት ይላል። ሲመለስ ልብሱ በጭቃ ተለውሶ፣ እጁ እንደ ቀን ሠራተኛ ተልጦ ይመጣል። ሴት ጋር የሚሄድ ሰው እጁ ለምን ይላጣል? ይህን አስባ ታውቃለች፤ አስባም ትታዋለች። በመጨረሻው ቀንም ከጎጆ ሲመለስ ነው ዝናብ ያራሰው ቁልቁለት ላይ ድንች የጫነው አይሱዙ የተገለበጠው። ጋሮማ ከላይ ጆንያው ላይ ተቀምጦ ነበር።

ሰዓቱ ደርሶ ከግድግዳው ማዶ፣ ከጎረቤቷ ከወይዘሮ ሸዋገነት ቤት፣ የድራማው መግቢያ ሙዚቃ ቀስ ብሎ ተሰማ። ሸዋገነት ለቅሶውን አክብረው ድምፁን ቀንሰውት ነበር፤ ግን ግድግዳው ጭቃ ነው። የዶርቃስ ቴሌቪዥን ጨርቅ ለብሶ ወደ ግድግዳ ዞሯል። የሰላዩ ድምፅ ሲመጣ ነጠላዋን ከዓይኗ ላይ አነሳች። የድንኳኑ መግቢያ ላይ፣ ግማሽ አካሉ ውስጥ ግማሹ ውጭ፣ የሻይ ብርጭቆ የያዘ ሰው የቆመ መሰላት። ዓይኗን ስትጠርግ ሸራው ብቻ ነበር፤ ነፋስ ያወዛውዘዋል።

ጋሮማ ድራማውን እንደዚያ ነበር የሚያየው፣ ቆሞ። ሲጀመር ሰሞን ያሾፍ ነበር። በኋላ ሙዚቃውን ሲሰማ ከየትም ይመጣና በሳሎኑና በኮሪደሩ መካከል ያለው መቃን ላይ ተደግፎ፣ ሻዩን ሳይጠጣ እስኪቀዘቅዝ ይዞ፣ «አሁን እወጣለሁ» እያለ እስከ መጨረሻው ይቆማል። ዶርቃስ ተቀመጥ ብትለው እሺ አይልም። ሸዋገነት አንዳንዴ እሷ ጋር መጥተው ሲያዩ ከስክሪኑ ጋር ይጣላሉ፤ ሰላዩን ይረግሙታል፣ ሲያሳዝናቸው ደግሞ ይምሩታል። ጋሮማ አንድም ቀን አስተያየት ሰጥቶ አያውቅም።

አንድ ምሽት ሰላዩ ከሚስቱ ወጥ ቤት ሆኖ የአባቷን መደበቂያ በስልክ ለአለቆቹ ተናገረ። ሚስቱ ሳሎን ሆና እየዘፈነች እራት ታቀርባለች። ዶርቃስ ተናደደች።

«እኔ ብሆን ቀብሩ ላይም አልቆም» አለች፣ ዓይኗን ከስክሪኑ ሳትነቅል።

ጋሮማ ወደ ግቢ ወጣ። የቧንቧውን ውሃ ከፍቶ ሲዘጋ ሰማችው። ሲመለስ እጁም ፊቱም ደረቅ ነበር።

«ቢወዳትስ?» አላት።

«ወዶ ነው የሸጣት?»

ጋሮማ ሻዩን አንሥቶ ወደ መቃኑ ተመለሰ። ከዚያ ቀን በኋላም እየመጣ መቆሙን አላቆመም። ዶርቃስ ይህን ሁሉ ያስታወሰችው ፍራሹ ላይ ሆና ነው፤ ያኔ ልብ አላለችውም ነበር።

ጋሮማን ያወቀችው ጤና ጣቢያ ነርስ ሆና በተቀጠረች በመጀመሪያው ዓመት ነበር። ግራ መዳፉን ቆርጦት መጣ። ቆርቆሮ ነው አለ። ቁስሉን ስታጥብ ጠርዙ ቀጥ ያለ፣ ንጹህ፣ ጥልቀቱ እኩል እንደሆነ አየች፤ ቆርቆሮ እንዲህ አይቆርጥም ብላ በልቧ አለች። ግን ሰውየው ትሑት ነበር፣ ወረፋውን ጠብቆ የመጣ፣ የሚያመው ራሱን ሆኖ ሳለ «ይቅርታ» የሚል። ፋሻውን ለማስቀየር በየቀኑ መጣ። ቁስሉ ሲድን ደግሞ ያለ ቁስል መጣ።

ያኔ ከጊንጪ የተነሳው ተቃውሞ አምቦን አንድዶት ነበር። የዶርቃስ ታናሽ ወንድም ቀንዓ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነው፤ ከተማሪዎቹ ፊት ከሚቆሙት አንዱ። አባትና እናታቸው ቀድመው ስለሞቱ እሷ ናት ያሳደገችው። ጓደኞቹ መታሰር ሲጀምሩ ቀንዓ ተሰወረ። ለእሷ ብቻ የት እንደሚሄድ ነገራት፤ ጎጆ፣ የአባታቸው እህት ዘንድ፣ አዳዳ ካሰች ቤት። ለማንም እንዳትናገሪ አላት። እሷም ለማንም አልተናገረችም። ለአንድ ሰው ብቻ ነበር የተናገረችው። ሁሉቃ ድልድይ አጠገብ ቆመው፣ ጋሮማ ወንድምሽ እንዴት ነው ሲላት፣ ፈርታ ስለነበር አለቀሰችና ጎጆ አክስታችን ጋ ነው፣ ብርዱ አሳስቦኛል አለችው። ጋሮማ ሹራቡን አውልቆ ትከሻዋ ላይ ጣለላት።

ብዙም ሳይቆይ የደኅንነት ሰዎች ቀንዓን ጎህ ሲቀድ ከገብስ ጎተራው ሥር አውጥተው ወሰዱት። ከዚያ በኋላ ያየው ሰው የለም። ዶርቃስ ያልጠየቀችው እስር ቤት የለም። በሁለት ሺህ አሥር ዓመተ ምሕረት እስረኞች በየአውቶቡሱ ሲፈቱ መንገድ ዳር ቆማ እያንዳንዱን ፊት አየች። ጋሮማ ከጎኗ ነበር፤ ያኔ ተጋብተዋል። የመጨረሻው አውቶቡስ ሲያልፍ ጋሮማ አስፋልቱ ጠርዝ ላይ ተቀምጦ አስመለሰው። ፀሐዩ ነው ብላ ውሃ አፈሰሰችለት።

ጎጆ ትንሽ ከተማ ነች፣ እንግዳ ፊት ይታወቃል፣ ጎረቤት አይቶ ነው፤ እንዲህ እያለች ነበር የኖረችው። አዳዳ ካሰች ከዚያ በኋላ ወደ አምቦ ወርደው አያውቁም፤ ሰርጓም ላይ አልመጡም። አንድ ጊዜ ልትጠይቃቸው ስትሄድ ከአጥሩ በር አላሳለፏትም፤ ደህና ነኝ፣ መሽቶብሻል ሂጂ አሏት። ዶርቃስ ያን ፊት አይታ ዳግመኛ አልሄደችም። ቀንዓ ይምጣ አይምጣ ስለማይታወቅ ለቅሶ አልተቀመጡለትም። የሞተ ነው ማለት እንደ መግደል ሆነባት። ስሙ ቤት ውስጥ ሲነሳ ጋሮማ ሥራ ያገኝ ነበር፤ ወንበር ይጠግናል፣ አምፖል ይቀይራል።

የድንኳኑ ሦስተኛ ቀን ላይ፣ የማጽናኛው መዝሙር እየተዘመረ ሳለ፣ ከመንገዱ በኩል የአንዲት ሴት እሪታ መጣ። ዘማሪዎቹ አንድ በአንድ ዝም አሉ። ረጅም፣ ቀጭን፣ ጋቢ የለበሱ አሮጊት ጎንበስ ቀና እያሉ ገቡ። «ጋሮማ ኮ፣ ጋሮማ ኮ» ይላሉ፤ የእኔ ጋሮማ ማለታቸው ነው። ደረታቸውን የሚመቱት እንደ ልማድ ሳይሆን አጥንቱ እስኪሰማ ነበር። ሴቶቹ እርስ በርስ ተያዩ። የጎጆዋ ሴት ይህችው ናት እንዳይሉ አሮጊቷ ሰማንያ ይሆናቸዋል።

ዶርቃስ ተነሥታ ቆመች። አዳዳ ካሰችን ካየቻቸው ዓመታት አልፈዋል።

አሮጊቷ አቀፏት፤ የዝናብና የበግ ሽታ ነበራቸው። «ጀባዹ፣ ኢንተላ ኮ» አሏት፣ በርቺ ልጄ። ከዚያ ጆሮዋ ሥር፣ ከዚህ ሕዝብ ውጭ ላናግርሽ አሉ።

ከቤቱ ጀርባ የውሃ ሮቶው አጠገብ ሁለት በርጩማ አገኙ። በረንዳው ላይ ጋሮማ ከአደጋው በፊት ከጎጆ ሲመለስ ያወለቀው ቦቲ ጭቃው ደርቆበት ተቀምጧል፤ ሊያጥበው የደፈረ ሰው አልነበረም። አዳዳ ካሰች ጎንበስ ብለው የደረቀውን ጭቃ በጣታቸው ነኩ።

«ይሄ የእኔ ማሳ ጭቃ ነው» አሉ።

ከዚያ ነገሯት። በዝግታ፣ ኦሮምኛውን ከአማርኛው እየቀላቀሉ፣ ዓይናቸውን ከቦቲው ሳያነሱ ነገሯት።

ቀንዓ ከተወሰደ በኋላ ያስያዘችው ዶርቃስ ናት ብለው አምነው ነበር፤ ፈርታ ይሁን ተታልላ ባያውቁም፣ ከእሷ ሌላ የሚያውቅ ሰው አልነበረምና። ለዚህ ነው በራቸውን የዘጉባት። ከብዙ ጊዜ በኋላ፣ እስረኞቹ በተፈቱበት ክረምት፣ አንድ ሰው ዝናብ ውስጥ መጥቶ አጥራቸው ሥር ቆመ። ግባ አሉት፤ እንግዳ ነው ብለው። አልገባም፣ መጀመሪያ ይስሙኝ አለ። የዶርቃስ ባል ነኝ አላቸው። ቀንዓ ያለበትን የተናገርኩት እኔ ነኝ አላቸው። እሷ የምታውቀው የለም።

ቀንዓ ከመያዙ ሁለት ዓመት ቀድሞ፣ የሚያዝያው ግርግር ጊዜ፣ ጋሮማም ታስሮ ነበር። ቶሎ የፈቱት ሰዎች በኋላ ጠሩት። ቀንዓ የት እንደሚያድር ብቻ ንገረን፣ ልናናግረው ነው የምንፈልገው አሉት። እምቢ ስላቸው እዚያ የነበረበትን ክፍል አስታወሱት። እህቱን ቅረብ አሉት። ቀረባት።

ዶርቃስ እጇን አየች። የገዛ መዳፏ ላይ የዚያን ቁስል ቦታ በአውራ ጣቷ ነካች። ቀጥ ያለ፣ ንጹህ፣ ጥልቀቱ እኩል። ምላጭ ነበር። እሷ ዘንድ ለመምጣት ራሱን በምላጭ ቆርጦ ነው የመጣው።

«ቀንዓስ?» አለች። ድምፅዋ የሌላ ሰው መሰላት።

አዳዳ ካሰች ጋቢያቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። ጋሮማ እነዚያን ሰዎች ሥልጣናቸው ካለፈ በኋላ እየፈለገ ጠይቋቸዋል። አንዱ ነገረው። ቀንዓ የዚያኑ ዓመት ክረምት አላለፈም። የት እንደቀበሩት ግን አልተናገረም፤ ወይም አያውቅም።

ከድንኳኑ በኩል ሳህን ሲነካካ ይሰማል። የሆነ ሰው ተጨማሪ ወንበር እንዲመጣ ይጠይቃል። ዶርቃስ ማልቀስ ፈለገች፤ ሦስት ቀን ሙሉ ያለቀሰችበት ዓይን ግን ለዚህ ምንም አልሰጠም።

«እኔ ደሙን ሳይሆን ልቡን ነው የፈለግኩት» አሉ አሮጊቷ። «ሂድና ለእሷ ንገራት አልኩት። ሳትነግራት ይቺን ደጃፍ አትረግጣትም።»

አልነገራትም። ግን በየወሩ መጣ። ደጃፉን ሳይረግጥ አጥራቸውን አጠረ፣ ድንቻቸውን ኮተኮተ፣ ገብሳቸውን አጨደ። ዝናብ ሲመጣ ከዛፉ ሥር ይቆማል። ውሃ እንኳ አልሰጡትም፤ ከራሱ የላስቲክ ጠርሙስ ይጠጣል። መጀመሪያ ላይ ጠልተውት ነበር፤ እየቆየ ግን ቀኑ ሲደርስ መንገዱን ማየት ጀመሩ። ሲመጣ ነገርካት ወይ ይሉታል፤ አንገቱን ይደፋል። ለምን ሲሉት፣ ቀብሬ ላይ አልቆምም ብላለች ይላቸዋል። ለአንተ ነው ወይ ያለችው ሲሉት፣ አይደለም፣ ለቴሌቪዥን ነው አላቸው። ያን ጊዜ ያበደ መስሏቸው ነበር።

ዶርቃስ ዓይኗን ጨፈነች።

«ከየት ጀምሮ ነው?» አለች። «አልጠየቁትም? ከየትኛው ቀን ጀምሮ ነው እውነት የሆነው?»

«ጠይቄዋለሁ። ተልኬ ነው የሄድኩት፣ አለኝ፤ ከዚያ የላኩኝ ሄዱ፣ እኔ እሷው ጋ ቀረሁ።»

በእጇ ያለው መልስ ይህ ብቻ ነው።

የመጨረሻውን ቀን የነገሯት መጨረሻ ላይ ነበር። ቅዳሜ ጧት ሲመጣ ፊቱ ሌላ ነበር። ሥራ አልጀመረም፤ በቀጥታ ወደ እሳቸው መጣ። ዛሬ ማታ እነግራታለሁ አላቸው። ከሌላ ከምትሰማው ከእሱ ብትሰማው ይሻላል ብላለች፣ በራሷ አፍ ነው ያለችው አላቸው። አሮጊቷ ካፉ የወጣውን ሰምተው እጁን ይዘው ወደ ቤት አስገቡት። የገብስ ቂጣ በቅቤ አራሱለት፣ እርጎ ሰጡት። ብዙ በላ። ቀንዓ ይተኛበት የነበረውን ቦታ አሳዩት፤ ቁጭ ብሎ አለቀሰ። ዝናቡ ሳያባራ ነበር የሸኙት፤ እደርና ነገ ሂድ ብለውት፣ እምቢ፣ ዛሬ ካልሆነ እፈራለሁ አላቸው።

«እኔ ነኝ ያቆየሁት» አሉ አዳዳ ካሰች። «ያለ ምግብ ብሸኘው የጧቱ መኪና ላይ ይደርስ ነበር።»

ዶርቃስ የዋዜማዋን ምሽት አስታወሰች። ሰላዩ በሯ ላይ ቆሞ እጁን ለማንኳኳት አንሥቶ ነበር ያለቀው። እሷ እያለቀሰች ይንገራት በቃ፣ ከሌላ ከምትሰማው ከእሱ ብትሰማው ይሻላል አለች። ከዚያስ ሲላት፣ ከዚያማ የእሷ ጉዳይ ነው አለችው። ያን ጊዜ ጋሮማ ለመጀመሪያ ጊዜ ከመቃኑ ለቅቆ አጠገቧ ተቀመጠ። የቀዘቀዘውን ሻይ በአንድ ትንፋሽ ጠጣው። ጧት ሲወጣ ማታ እንጫወታለን ብሏት ነበር። ሁልጊዜ የሚላት ነገር ነው፤ ማንም ባል የሚለው ነገር ነው።

ተነሣች። አሮጊቷን በርጩማው ላይ ትታ ቤት ገባች። መኝታ ቤቱ ውስጥ ካፖርቱን ከማንጠልጠያው ላይ ጎትታ ወለሉ ላይ ጣለችው። ሸሚዞቹንም ጣለች። ከዚያ ምን እንደምታደርግ ስታጣ መሐላቸው ቆመች። የምትጮህበት ሰው አልነበረም። ብትጮህ ድንኳኑ ሙሉ ሰው ሮጦ መጥቶ ይይዛታል፤ አይዞሽ ይላታል፤ ባሏን አጥታ ነው ይላል።

ከግድግዳው ማዶ የሰላዩ ድምፅ መጣ። ትናንት ማታ የታየው ክፍል ከሰዓት ሲደገም ነው።

ዶርቃስ በጓሮ በኩል ወጥታ ሸዋገነት ቤት ገባች። ሸዋገነት ለለቅሶተኛው ሽንኩርት እየከተፉ ነበር፤ ቴሌቪዥኑ ከፊታቸው ተከፍቷል። ሐዘንተኛዋን በሩ ላይ ሲያዩ ቢላውን ጥለው ተነሡ። አፍረው ቴሌቪዥኑን ሊዘጉት ተንደረደሩ።

«አይዝጉት» አለች ዶርቃስ።

መቃኑን ተደግፋ ቆመች። ስክሪኑ ላይ ሴትየዋ ሰላዩን እያየችው ነው፤ በቀደም ሴቶቹ ያወሩት ዝምታ ይኸው ነበር። ከዚያ የትናንቱ ክፍል ቀጠለ። ሴትየዋ፣ መጀመሪያ ስታየኝ ያየኸው እኔን ነው ወይስ አባቴን አለችው። አባትሽን አላት። በጥፊ መታችው። ብርጭቆ ወረወረችበት፤ እሱ አልሸሸም። አባቷ የተቀበረበትን ጠየቀችው፤ ነገራት። ለምን አሁን ነገርከኝ አለችው፤ እሱም ነገራት። ጠየቀችው፣ ጠየቀችው፣ ለእያንዳንዱ ጥያቄዋ የሚመልስ አፍ ከፊቷ ነበር። በመጨረሻ ገፍታ አስወጣችውና በሩን ዘጋች። እሱ ከበሩ ማዶ ቆሞ ቀረ።

«እንኳን ዘጋችበት» አሉ ሸዋገነት፣ ልማዳቸው አሸንፏቸው።

«የምትዘጋበት ሰው አላት» አለች ዶርቃስ።

ሸዋገነት ዞረው አዩዋት። ሽንኩርት የነካ እጃቸውን በቀሚሳቸው ጠርገው ክንዷን ያዙና እስከ ድንኳኑ ድረስ አደረሷት።

ማታ ወንጌላዊ ታምራት የመጨረሻውን ቃል ተናገሩ። ስለ ጋሮማ መልካምነት፣ ስለ ትጋቱ፣ የገበሬ ወዳጅ እንደነበር ተናገሩ። ዶርቃስ እያንዳንዱን ቃል ሰማች። አንዱም ውሸት አልነበረም። ይህ ነበር የሚያስጨንቃት። አዳዳ ካሰች ከጎኗ ፍራሹ ላይ ተቀምጠው፣ እጃቸው እጇ ላይ ነበር፤ ጉልበት የሌለው፣ ሻካራ እጅ። ያን እጅ አሥር ጊዜ ልታስለቅቀው አሰበች። ቀብሩ ላይ ቆማለች፤ አፈር በእጇ ጨምራለች፤ ሳታውቅ ነው። ብታውቅ ትቆም ነበር? ጥያቄው መጣና ፊቷ ቆመ። አልሄደም።

በማግስቱ ማለዳ የእድሩ ሰዎች ድንኳኑን ሊያፈርሱ መጡ። የእድሩ ዳኛ ኦቦ ቀጀላ ናቸው፤ ድስቱንና ወንበሩን እየተረከቡ ጎልማሶቹን አዘዙ። አንዱ በመግቢያው በኩል ያለውን ገመድ ከካስማው ፈታ። ሸራው አንድ ጎኑ ሰገደ።

ዶርቃስ ከቤት ወጣች። ጥቁር ልብሷን አልለወጠችም። ከኋላዋ አዳዳ ካሰች ነበሩ።

«ኦቦ ቀጀላ፣ ይቆይ» አለች።

ሰውየው ተጠግተው፣ ልጄ ሐዘኑ አልቆ አይደለም፣ ግን ደንቡ ይህ ነው፣ ሌላም ቤት ይፈልገዋል ብለው በለሰለሰ ድምፅ አስረዷት።

«ያላለቀሰንለት አለ» አለች። «ወንድሜ ቀንዓ ሞቷል። ለእሱ ድንኳን ተተክሎ አያውቅም።»

ጎልማሶቹ ሥራቸውን አቆሙ። ቀንዓን የማያውቅ አልነበረም፤ ሁለቱ አብረውት ተምረዋል። አንዱ የያዘውን ብረት ቀስ አድርጎ መሬት አስቀመጠ። ከአጥሩ ማዶ ሸዋገነት እጃቸውን አፋቸው ላይ ጭነው ቆመዋል። አዳዳ ካሰች እርጥቡ ጭቃ ላይ ቁጭ አሉ፤ ለስምንት ዓመት የያዙትን ለቅሶ ድምፅ ሳያወጡ ጀመሩት።

ኦቦ ቀጀላ ባርኔጣቸውን አወለቁ።

«ማን ነገረሽ?» አሏት።

ዶርቃስ ወደ አሮጊቷ አላየችም። ሁሉም እስኪሰማ ድረስ፣ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ መለሰች።

«ጋሮማ» አለች። «ጋሮማ ነው የነገረኝ።»

ከዚያ ጎንበስ አለች። ከካስማው የተፈታውን ገመድ ከጭቃው ላይ አነሣች፣ ሸራው ቀጥ እስኪል ጎተተችውና መልሳ አሰረችው።